ለመርሻ በሐሰት የተረጎምኩለት ዓረፍተ ነገር

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ብዙ ነገር የማልደብቃቸውን የንስሐ አባቴንም አልነገርኳቸውም። ሁለት ጊዜ ልጀምረው አፌን ከፍቼ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ሌላ ኃጢአት ዞሬያለሁ፤ ጾም መግደፌን ተናዘዝኩ፣ ሰው ማማቴን ተናዘዝኩ። ምን ብዬ ልጀምረው? «አባ፣ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ነበር» ብዬ? እንዳይስቁብኝ ፈራሁ። እሳቸው ከሳቁ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ነገሩን ቀልድ አድርጌው እገላገላለሁ። መገላገል ግን አይገባኝም። ስለዚህ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ እጽፈዋለሁ።

አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከፍርድ ቤት በር ፊት ለፊት፣ ማመልከቻ ጻፊ ነበሩ። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ከአባቴ የጽሕፈት ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል የምንኖረው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ሰው የሚያውቃቸው በጽሕፈታቸው ብቻ አልነበረም፤ ውሸት አልጽፍም በማለታቸውም ነበር። ባለጉዳዩ ተቀምጦ ሲተርክ ዝም ብለው ያዳምጡታል፤ ነገሩ ካላማራቸው እስክሪብቶውን ይከድኑና «ይኸን ሌላ ቤት ሄደህ አስጽፈው» ይሉታል። ስንት ገበያተኛ እንዲህ አባረዋል! እኔን ደግሞ አልተቆጡኝም፣ አላባረሩኝም፣ ግን አላመሰገኑኝም። የጻፍኩት ስሕተት ካለበት ይነግሩኛል፤ ከሌለበት ዝም ይላሉ። ልጅ ሆኜም፣ ኮሌጅ ገብቼም፣ የኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዤ ተመልሼም ከእሳቸው አፍ አንድ «ጎበዝ» የሚል ቃል ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ይህን ያነሳሁት ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ስንት ልጅ አባቱ ሳያመሰግነው አድጓል፤ እኔ ያደረግኩትን ግን አላደረገም።

ሥራ ሲጠፋ አባቴ ከባሕር ዳር አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር አስገዙኝ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እተይባለሁ። ጨዋታው የተገኘው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ማን እንደጫነው አላውቅም። ከድሮ ባለቤቱ ፎቶዎችና ደብዳቤዎች መካከል የመርከብ ሥዕል ያለበት አንድ ምልክት ነበር፤ ተጫንኩት፣ ተከፈተ።

ያኔ መርሻ አጠገቤ ነበር። መርሻ የገሳይ ከተማ ልጅ ነው። ከከተማችን ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን በዲቁና እያገለገለ ዜማ ይማር ነበር። ዕድሜያችን እኩል ነው። የሰበካ ጉባኤውን ደብዳቤ ሊያስጽፍ መጥቶ ተዋወቅን፤ ውሎ አድሮ መተየብ አስተማርኩት። መርሻን እወደው ነበር። የበደልኩት ጠላቴን እንዳይመስላችሁ ይህን ማወቅ አለባችሁ።

ጨዋታው የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ ነበር። አንድ ቀጭን ሰው አለ፤ የወንበዴዎቹ መርከብ ወጥ ቤት ነው። አንድ ቀን ወጡ ጨው በዛበት ብለው ደሴት ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። ያለው አንድ ድስትና አንድ ማንኪያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የአንተ ፋንታ ነው። ማውሱን ይዘህ የስክሪኑ ሥዕል ላይ የፈለግከውን ነገር ትጫናለህ፤ ሰውዬው ወደዚያ ይሄዳል፣ ያየዋል፣ ያነሳውና ከረጢቱ ውስጥ ይከተዋል፤ ካልሆነም አንድ ቀልድ ተናግሮ ይተወዋል። ካገኘኸው ሰው ጋር ታወራለህ። ገመዱን ከመንጠቆ፣ መንጠቆውን ከዱላ ጋር ታገጣጥማለህ። በቃ ይኸው ነው። ተኩስ የለ፣ ሩጫ የለ፣ ሰዓት የሚቆጥርብህ የለ። ብትሳሳት አትሞትም፤ ሰውዬው ትከሻውን ነቅንቆ ሌላ ነገር እንድታዘው ይጠብቅሃል። ኮሌጅ ሳለሁ የተጫወትኳቸው ጨዋታዎች ሁሉ ያዋክቡኝ ነበር፤ ይኸኛው ግን ቁጭ ብለህ አስብ ይላል። ሦስት ቀን ሙሉ የተዘጋ በር ያቆምሃል፤ በአራተኛው ቀን እጅህን ስትታጠብ መልሱ ይመጣልሃል። መልሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከረጢትህ ውስጥ እንደነበረ ስታውቅ በራስህ ትስቃለህ። እንደዚያ ደስ የሚል ነገር ብዙ አላየሁም።

ፍርድ ቤቱ ለምሳ ሲዘጋ፣ ባለጉዳዩም ሲበተን፣ በሩን ገርበብ አድርገን እንጫወታለን። ጥቂት ቀን ቆይተው አባቴ ወንበራቸውን ጎተት አደረጉ።

«የምን ሽፍቶች ናቸው?» አሉ።

«የባሕር ናቸው፣ ጋሼ» አላቸው መርሻ።

«የባሕር ሽፍታ! ጣና ላይ?»

«ከጣና ይሰፋል፣ ጋሼ። ማዶው አይታይም።»

አባቴ ሳቁ። እኔ አስቄያቸው አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሳ ሰዓቱ ከእኛ ጋር ናቸው። አንድ ቀን የወደብ ሹም የሆነው ሰውዬ መርከቡን አላየሁም ብሎ ሲያስቸግረን አባቴ ጠጋ ብለው አዩት። «ይኸ ሐሰተኛ ምስክር ነው» አሉ። «እንደገና ጠይቀው። ሦስተኛ ላይ ቃሉን ይለውጣል።» መርሻ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ሦስተኛው ላይ ሰውዬው በእርግጥ ቃሉን ለወጠ። ሁለቱ እንደ ልጅ ጮኹ፣ እጅ ለእጅ ተማቱ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

ጨዋታው በእንግሊዝኛ ነበር። መርሻ ፊደሉን ለይቶ ያነባል እንጂ ትርጉሙ ላይ ደካማ ነው። ግን እንዴት እንደተማረ አስቡ። ዳዊትን የያዘው በቃሉ ነው፤ ዜማውንም እንደዚያው፤ ግእዙን መጀመሪያ በጆሮውና በምላሱ ያዘው፣ ትርጓሜው በኋላ ከመምህሩ አፍ መጣለት። እንግሊዝኛውንም እንደዚያው አደረገው። የጨዋታው ሰዎች የሚናገሩትን ሁሉ አንድ ሳያስቀር በቃሉ ይይዝና ወደ እኔ ዞሮ «ትርጓሜው?» ይለኛል። እኔ እተረጉማለሁ። አንዴ ከነገርኩት አይረሳም፣ ደግሞም አይጠራጠርም። ለትርጓሜ እኔ የኔታው ነበርኩ። እንቆቅልሹን የሚፈታው ግን እሱ ነው። ዲፕሎማ የያዝኩት እኔ፣ ኮምፒውተሩ የእኔ፣ እንግሊዝኛው የእኔ፤ አባቴ የሚያዩት ግን እሱን ነው። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ።

አንድ ቀን መብራት ሄደብን። ሴቭ ያላደረግነው የአንድ ሳምንት ልፋት ጠፋ። እኔ ማውሱን ወርውሬ ተነሳሁ። መብራቱ ሲመለስ መርሻ ተቀመጠና ከተውንበት ጀምሮ ያደረግነውን ሁሉ፣ የቱን እንዳነሳን፣ ለማን ምን እንዳልን፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው አንዱንም ሳይዘል እየደገመ ምሳ ሰዓቱ ሳያልቅ ጠፍቶብን የነበረው ቦታ አደረሰን። አባቴ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

«ጎበዝ!» አሉት።

ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። እኔ ፊት ለሌላ ሰው ልጅ ተሰጠ። ማታ ራት ስንበላ አባቴን አላናገርኳቸውም፤ እሳቸውም ዝምታዬን ልብ አላሉትም። ቀንቼ ነበር ብዬ ላሳንሰው? ቅናት ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር ልበል? አውቄ ነበር። በየቀኑ ፍርድ ቤት በር ላይ ወንድም በወንድሙ ቀንቶ የሚያስጽፈውን ክስ ስተይብ የምውል ሰው ነኝ።

ክረምቱ ሲገባ አባቴን ሳል ጣላቸው። ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ለደረታቸው ጠላት ነበር። ከጓዳው መውጣት አቃታቸው፣ ሱቁ ለእኔ ቀረ። ጨዋታው ግን አልቀረም። መርሻ በምሳ ሰዓት ይመጣል፣ እኔ ጋ ተቀምጦ ይጫወታል፣ ከዚያ ጓዳ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይልና የዕለቱን ይተርክላቸዋል። የወንበዴውን አለቃ ድምፅ ያወጣል፣ መርከቡ ላይ ያለውን የበቀቀን ድምፅ ያወጣል። በግድግዳው በኩል የአባቴ ሳቅ ይሰማኛል፤ ሳቁ ወደ ሳል ይዞርና እንደገና ሳቅ ይሆናል። ውኃ የማሞቅላቸው እኔ ነኝ፣ መድኃኒት የማመጣው እኔ ነኝ፣ ልብሳቸውን የማጥበው እኔ ነኝ። ገና ሦስት ሰዓት ላይ ግን «መርሻ አልመጣም?» ይሉኛል። «በምሳ ሰዓት ነው የሚመጣ፣ አባየ» እላቸዋለሁ። አምስት ሰዓት ላይ እንደገና «አልመጣም?» ይላሉ።

ጨዋታው ካለቀ መርሻ አይመጣም። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ማንም አልመከረኝም።

መጨረሻው አካባቢ ደርሰን ነበር። ወጥ ቤቱ ሰውዬ ቋጥኝ ላይ ቆሟል፤ መርከቡ ሩቅ ይታያል፣ እየሄደ ነው። ቋጥኙ ላይ እሳት አንድዳ ለመርከቦች የምታበራ አንዲት አሮጊት አለች። አነጋገርናት። አንድ ረዥም ዓረፍተ ነገር ተናገረች። መርሻ ቃል በቃል ያዘው፣ አንድ ጊዜ በለሆሳስ ደገመው፣ ወደ እኔም ዞረ።

«ትርጓሜው?» አለኝ።

ያለችው ይህ ነበር፦ «መርከቡ ሁልጊዜ ይመለሳል፤ አንተ ግን እጅህን አጣጥፈህ አትጠብቀው፤ ድስትህን ጣድ።»

ዓረፍተ ነገሩ ገብቶኛል። አንድም ያልገባኝ ቃል አልነበረውም። እኔም እንዲህ አልኩ፦ «መርከቡ አይመለስም ነው የምትለው። እዚህ ላይ ያበቃል።»

«ያበቃል?»

«አለቀ። ታሪኩ ይኸው ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን አያምነኝም ነበር። ኮምፒውተር ቤት የሚውል ማንኛውም ጎረምሳ «እስቲ ልሞክር» ብሎ ድስቱንም ድንጋዩንም ይጫን ነበር። መርሻ ግን መምህር የተረጎመውን ተማሪ በራሱ አሳብ የማያልፍበት ቤት ያደገ ሰው ነው። እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። ቋጥኙ ላይ የቆመውን ሰውዬ ትንሽ አየውና «ምስኪን» አለ። ያታለልኩት ሞኝ ሆኖ አይደለም። አምኖኝ ነው ያታለልኩት። አለቀ አልኩት። ሳያልቅ አለቀ አልኩት።

ከዚያ ጓዳ ገባ። እኔም ደጃፉ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ጋሼ ዛሬ አለቀ ሊላቸው ነው፤ ነገ አይመጣም፤ እኔና አባቴ ብቻችንን እንቀራለን ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ በክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«እህ፣ ያ ሰው ወጣ?»

መርሻ ፊታቸውን አየው። በዚያ ሳምንት በጣም ከስተው ነበር፤ ዓይናቸው ብቻ ነበር የቀረው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ አላቸው፦

«ወጣ እንጂ፣ ጋሼ! ሽፍቶቹ ሄደው ሄደው ራባቸው። ከመካከላቸው አንድም ወጥ የሚያውቅ የለ። ያ ጨው በዛበት ያሉት ወጥ ትዝ አላቸው። መርከቡን አዙረው መጡና እግሩ ላይ ወድቀው ይዘውት ሄዱ።»

አባቴ ሳቁ። «እግሩ ላይ!» አሉ። «አለቃውም?»

«አለቃውማ ከሁሉ ቀድሞ ነው የወደቀ!»

እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ዕንባቸው ፈሰሰ። የመርሻን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ነኝ። የሰረቅኩትን መጨረሻ መርሻ ከባዶ እጁ አውጥቶ ሰጣቸው። ዝም ብል ምን ነበረበት? አባቴ እየሳቁ ይተኙ ነበር። ግን ያን ሳቅ አልቻልኩትም።

«ውሸት ነው፣ አባየ» አልኩ። «እንዲህ የሚል ነገር የለም። ሰውዬው እዚያው ነው የቀረ። መርሻ ከራሱ ፈጥሮ ነው።»

አባቴ ሳቃቸውን አቆሙ። መርሻን አዩት። «እውነቱን ነው?»

መርሻ አንገቱን ደፋ። አንድ ቃል ቢተነፍስ፣ «ልጅዎ አዲሱ ነው የተረጎመልኝ» ቢል፣ ምናልባት አባቴ ይመረምሩኝ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ይጠይቁኝ ነበር። እሱ ግን ሊጠረጥረኝ እንኳ አላሰበም።

«እውነቱን ነው፣ ጋሼ። ከራሴ ነው የጨመርኩት።»

«አንተም ዲያቆን ሆነህ?» አሉት። «ለእኔ ሐሰት?»

እጁን ለቀቁት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መርሻ ጎንበስ ብሎ ብርድ ልብሱ ላይ ጉልበታቸውን ሳመና ወጣ። አጠገቤ ሲያልፍ «አዲሱ፣ ይቅርታ» አለኝ። እኔን ይቅርታ አለኝ! ውጭ ይዘንብ ነበር፤ ጃንጥላውን እኛ ቤት ትቶት ሄደ።

ምን የጠበቅኩ ይመስላችኋል? አባቴ ወደ እኔ ዞረው እውነቱን የነገርከኝ አንተ ነህ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ሐሰት በተናገርኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ የእውነተኛ ምስጋና ጠበቅኩ። አባቴ ግን ሦስት ቀን አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን ውኃ ሳጠጣቸው ጽዋውን በእጃቸው መለስ አድርገው «ባትነግረኝ ምን ነበር?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መርሻ አልመጣም ብለው አልጠየቁም፤ ስለ ምንም ነገር አልጠየቁም። በሁለት ሳምንቱ፣ ሐምሌ ሳያልቅ፣ አረፉ።

ያኔ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። እነዚያን ሁለት ሳምንት በየቀኑ እችል ነበር። «አባየ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ መርሻ ያላወቀውን እውነት ነው የነገረዎት» ማለት ስንት ቃል ነው? ለባለጉዳይ በቀን ስድስት ገጽ የምጽፍ ሰው ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር አልተናገርኳትም።

በቀብሩ ዕለት መርሻ ከካህናቱ ጋር መጥቶ ፍትሐቱ ላይ አገለገለ። ከኋላ ነበር የቆመው። ወደ እኔ አልቀረበም፤ አፍሮ እንደሆነ ታውቆኛል። በእኔ ውሸት እሱ አፈረ።

አርባው ከወጣ በኋላ ሱቁን ቆልፌ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ወጥ ቤቱ ሰውዬ ቋጥኙ ላይ እንደቆመ ነው። ድስቱን ከከረጢቱ አውጥቼ የአሮጊቷ እሳት ላይ ጣድኩት። ሌላ ምንም አላደረግኩም። ጭሱ ወደ ባሕሩ ሄደ፤ መርከቡ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ወንበዴዎቹ ሆዳቸውን ይዘው መጡ። እግሩ ላይ አልወደቁም፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተሰልፈው ሳህን ያዙ። ከዚህ በቀር መርሻ ያለው ሁሉ ነበረበት። በቃሉ የያዘውን ታሪክ ሁሉ ይዞ መጨረሻውን ሳያየው አውቆታል። እኔ ዓይኔ እያየ ከእሳቸውም ከእሱም ነጠቅኩት። ሙዚቃው እስኪያልቅ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ማንም እንዳያየው ጨዋታውን ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት። ይህንንም ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ዓመታት አለፉ። እኔ በመንግሥት ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ፣ አገባሁ። መርሻም ቀሰሰ፤ ገሳይ አጠገብ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራል አሉኝ። ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደዚያ ስላክ በልቤ ቆረጥኩ፤ ዛሬ እነግረዋለሁ፣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ አልኩ። ሳየው ጢሙ አልፎ አልፎ ሸብቷል። አቀፈኝ። ቤቱ አስገብቶ አበላኝ፣ ልጆቹን አሳየኝ። አፌን ልከፍት ስል አንዱ ልጅ ይገባል፣ ሚስቱ ትገባለች፤ እኔም ደስ ይለኛል፣ ሌላ ወሬ አመጣለሁ።

ሲሸኘኝ መኪና መንገዱ ዳር ስንደርስ ቆመ። መስቀሉን ከኪሱ አውጥቶ በግራ እጁ ያዘና ካህን ሆኖ ሳለ እፊቴ ተንበረከከ።

«አዲሱ፣ ይኸን ሁሉ ዓመት ያልነገርኩህ ነገር አለ» አለኝ። «አባትህን በሞት አልጋቸው ላይ ዋሸኋቸው። ደስ ይበላቸው ብዬ ነበር። ተቀይመውኝ ሞቱ። ሥጋ ወደሙን በተቀበልኩ ቁጥር ትዝ ይሉኛል። በእሳቸው ፋንታ ይቅር በለኝ።»

እዚያ ላይ፣ እዚያው አፈሩ ላይ፣ መናገር ነበረብኝ። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ልጅ የለ፣ ሚስት የለች። እኔ ምን አደረግኩ? እጄን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ። «ተነሣ፣ መርሻ» አልኩት። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። አባየም ይቅር ብለውሃል።»

አለቀሰ። ሸክም እንደወረደለት ሰው አለቀሰ። ሚኒባሱ መጣ፤ ገብቼ በመስኮቱ እጄን አወዛወዝኩለት።

ስልኩ አለኝ። ደውዬ እንደምነግረው ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ አልደወልኩም። ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ ከእናንተ የምፈልገው ነገር የለም። ይህን አንብባችሁ ተጸጸተ ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ግን የመጨረሻውን ልንገራችሁ። መርሻ እፊቴ ተንበርክኮ ይቅር በለኝ ሲለኝ ደስ አለኝ። ከእሱ የበለጥኩ መስሎኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደስ አለኝ።